ቅባቱን ከመውቀሳችን በፊት ምላሳችንን እንውቀስ

አራስ ጥየቃ ሄደን ሕፃኗን አቅፈን «ማሻአላህ» እንላለን። ወዲያው የጆሮዋን ጫፍ እናያለን፤ ስታድግ ቀይ ትሆን ወይስ ጥቁር ለመገመት። ጠቆር ካለ «ምን አለበት፣ ጤና ይስጣት» ብለን እናቷን እናጽናናለን። ልጅ ተወልዶ ማጽናናት! ያቺው ልጅ አድጋ የሚያነጣ ቅባት ስትገዛ ደግሞ «የዘንድሮ ልጆች በራሳቸው አይተማመኑም» ብለን የምንፈርደው እኛው ነን።

ወገኖች! በራስ መተማመኗን ማን ወሰደባት? ሻጩ የመጣው እኛ ከቤት የጀመርነውን ሊጨርስ ነው። «ቆንጆ ናት፣ ጠቆር ማለቷ እንጂ» ያልነው እኛ ነን። ለልጃችን ሚስት ስንፈልግ ከዲኗና ከጸባይዋ በፊት «ቀይ ናት?» ብለን የጠየቅነው እኛ ነን።

«ተቀብታ በራሷ ከተማመነች እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚሉን አሉ። መዋብን አልተቃወምንም። ንጽሕና፣ ሒና፣ ኩል፣ ጥሩ ልብስ የኛው ናቸው። ሒና የምትቀባ ሴት እጇን ታስጌጣለች እንጂ ከእጇ አትሸሽም። ቆዳን ማንጣት ግን ከራስ መሸሽ ነው፤ የሸሸ ሰው ደግሞ አይረጋጋም።

መተማመኑስ ስንት ቀን ይቆያል? ከነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ተመልሶ መግዛት ነው። ሃይድሮኪኖን ያለበት ለዓመታት ከተቀቡት ቆዳውን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በንክኪ ቤት ላሉ ሕፃናትም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉ መዋቢያዎችን ከገበያ ለማስወጣት የተነሳው በከንቱ አይደለም።

ነጋዴው ይህን ሁሉ ያውቃል። በሕንድ ለአሥርተ ዓመታት የተሸጠው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ወቀሳ ሲበዛበት እ.ኤ.አ. በ2020 «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ተባለ። ስሙ ተቀየረ፤ ንግዱ ቀጠለ።

እኛ ደግሞ የቢላል አገር ሰዎች ነን። መካ ስትከፈት ከካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያደርግ የተመረጠው ጥቁሩ ሐበሻ ቢላል ነው። በስሙ ልጆቻችንን እንጠራለን፣ መስጂድ እንሰይማለን፤ የቆዳውን ቀለም ግን ከልጃችን ፊት ላይ ልናጥበው እንፈልጋለን። ይህ ምን የሚሉት ፍቅር ነው?

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የአራስን ጆሮ መመርመር ይብቃን። ሽማግሌ ስንልክ ስለ ቀለም መጠየቅ ይብቃን። ኮስሞቲክስ ቤት ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት ከመደርደሪያችሁ አውርዱት፤ የእህትን ቆዳ አቃጥሎ የሚገኝ ትርፍ በረካ የለውም። ቀድሞውኑ የምትቀባ እህታችን ካለች አንሳቅባት፤ ወደ ቆዳ ሐኪም እንውሰዳት፣ ማቋረጡም በሐኪም ምክር ይሁን።

በራስ መተማመን ከብልቃጥ አይወጣም። ልጅ መጀመሪያ የምታገኘው እናትና አባቷ በሚያዩባት ዓይን ነው። አላህ ዓይናችንንም ምላሳችንንም ያስተካክልልን።