የአልጋውን ማን ይከፍላል?

መጋቢትና ሚያዝያ በአሜሪካ የኮሌጅ ደብዳቤ የሚጠበቅባቸው ወራት ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአትላንታ ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች «ልጅቷ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘች» የሚለው ዜና በዚያው ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል። ደስታው ተገቢ ነው፤ ልጅቷ ለፍታበታለች፣ ወላጆቿም የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ አሳድገዋታል። ግን «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት ከሚደውለው ዘመድ ወዳጅ መካከል ስንቱ «ከ20 ሺሁ በኋላ ስንት ይቀራችኋል?» ብሎ ይጠይቃል? ኮሌጁስ ይህን ቁጥር ለምን በደብዳቤው አናት ላይ አልጻፈውም?

ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኮሌጆቹ 91 በመቶ ያህሉ ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለውን ትክክለኛ ገንዘብ በዕርዳታ ደብዳቤያቸው ላይ ወይ ጨርሶ አይገልጹም፣ ወይ አሳንሰው ያሳያሉ ብሏል። የሚያሳንሱት እንዴት ነው? አንዳንዱ የመኝታና የምግብ ወጪን ከሒሳቡ ያወጣል። አንዳንዱ ብድርን ከስጦታ ጋር ደምሮ ሁሉንም «ዕርዳታ» ይለዋል። በወላጅ ጥገኛ ለሆነ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚፈቀደው 5,500 ዶላር የፌዴራል ብድር፣ ወላጅ በራሱ ስም የሚበደረው ፓረንት ፕላስ፣ ልጁ ግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ በአንድ ዓምድ ይደረደራሉ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የፓረንት ፕላስ ወለድ 9.08 በመቶ ነበር። ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብ በምን ሒሳብ ነው ከስጦታ ጋር የሚደመረው? በአሜሪካ አዲስ መኪና ዋጋው በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ እንዲሸጥ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ከፍተኛውን ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ዋጋው እንዲህ ተለጥፎ የማይቀርበው እስከ መቼ ነው?

ስኮላርሺፑ የጉብዝና ሽልማት ነው ይባላል። ነው ወይ? ለትርፍ ያልቆሙ የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቻቸው ከትምህርት ክፍያው በአማካይ ከግማሽ በላይ ቅናሽ እንደሚያደርጉ የራሳቸው የፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው ጥናት ያሳያል። ከግማሽ በላይ የሚቀነስለት ዋጋ መጀመሪያውኑ ዋጋ ነበር? በሌላ በኩል ሃርቫርድንና ዬልን ጨምሮ ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው። በአገሩ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች የሚሰበስቡት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጤት ካልሸለሙ፣ ሌሎቹ የሚሸልሙት ምኑን ነው? መልሱን የቅበላ ቢሮዎቹ ጠንቅቀው ያውቁታል። ስንት ቢቀነስላት ይህች ልጅ ትመጣለች፣ የቀረውንስ ቤተሰቧ ይከፍላል ወይ የሚለው አስቀድሞ በስሌት የሚሠራ ነገር ነው። መርካቶ ውስጥ ዋጋውን ሰቅሎ «ለአንቺ ብዬ ነው» እያለ ከሚቀንስ ነጋዴ ጋር መከራከር ለእናቶቻችን ብርቅ አይደለም፤ ያው አሠራር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሆኖ ሲመጣ ግን ደፍሮ «ጨምሩ» የሚል ወላጅ ጥቂት ነው። ኮሌጆች እንዲህ ያለ አቤቱታ በየዓመቱ ይቀበላሉ፤ ከሌላ ኮሌጅ የመጣ የተሻለ ደብዳቤ ሲቀርብላቸው የሚያሻሽሉም አሉ። ለምን ይህን የሚያውቀው ከዚህ በፊት ልጅ ያስተማረ ቤተሰብ ብቻ ይሆናል?

የሕዝብ ገንዘብ ሲሆንስ? ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረችው ሆፕ ስኮላርሺፕ ገንዘቡ የሚመጣው ከሎተሪ ነው። መጀመሪያ የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ ነበረው፤ 66 ሺህ ዶላር። በዓመቱ ወደ 100 ሺህ ከፍ አለ፤ በ1995 ጭራሹኑ ተነሣ። ዛሬ የሐኪምና የጠበቃ ልጅ ውጤቱ እስካሟላ ድረስ እኩል ይወስዳል። ትኬቱን የሚገዛው ማን እንደሆነ በነዳጅ ማደያዎችና በትንንሽ ሱቆች ባንኮኒ ጀርባ የቆሙ ወገኖቻችን ከማንም በላይ ያያሉ፤ በየሳምንቱ ከደመወዙ ላይ ቀንሶ የሚገዛ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ስኮላርሺፑ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን እንጂ መኝታውንና ምግቡን አይከፍልም። ትኬት ገዢው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ የሚቸግረው የትኛው ነው? ያ የማይከፈለው አይደለም?

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አልጋው ላይ። ብዙዎቹ ወላጆች አገር ቤት በነበሩበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ ልጅ ዶርሙም ካፌውም አብሮ ይመደብለት ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የወጪ መጋራት ሲመጣም የተፈረመው ውል ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ነበር። «ገባች» ማለት መማሪያም መኝታም መብልም አገኘች ማለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን እነዚህ በየፊናቸው የሚሸጡ ናቸው፤ በብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የስቴቱ ነዋሪ ለሆነ ተማሪ የመኝታና የምግቡ ሒሳብ ከትምህርት ክፍያው ይበልጣል። ይህን ልዩነት ለወላጆች የማስረዳት ግዴታ ያለበት ማን ነው? የ17 ዓመቷ ልጅ?

ከዚህ ላይ ግዴታው ይጨመራል። ብዙ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግቢ ውስጥ እንዲኖርና ሚል ፕላን የሚባለውን የምግብ ጥቅል እንዲገዛ ያስገድዳሉ፤ ከቤተሰቡ ጋር በቅርብ ርቀት የሚኖረውን አብዛኞቹ ነጻ ያደርጋሉ። ምክንያታቸው ግቢ የሚኖር ልጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ጓደኛ ያገኛል፣ ትምህርቱን አያቋርጥም የሚል ነው። እኔም አምንበታለሁ። ከቤት እየተመላለሰች፣ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት እያመጣች፣ ለወላጆቿ የባንክና የሐኪም ቤት ወረቀት እየተረጎመች የምትማር ልጅ ቤተ መጻሕፍት አምሽታ የማጥናት ዕድሏ ምን ያህል እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። ግን አልጋው ለትምህርቷ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ስኮላርሺፑ ለምን እሱ ደጃፍ ላይ ይቆማል? የታክስ ሕጉም ከዚህ አይሻልም። ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት የዋለ ስኮላርሺፕ ታክስ የለበትም፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ተማሪው ገቢ ይቆጠራል። ኮሌጁ «አልጋው የትምህርትሽ አካል ነውና ግዴታሽ ነው» ይላታል፤ ሕጉ «አልጋው ትምህርት አይደለምና ገቢሽ ነው» ይላታል። ሁለቱም ከእሷ ይቀበላሉ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም?

ሚል ፕላኑንም ሳላነሣ አላልፍም። ዐቢይ ጾምን የምትጾም ልጅ ስፕሪንግ ሴሚስተሯን ግማሽ ያህሉን በጾም ታሳልፋለች፤ ረመዳን የሚጾመውም በትምህርት ወቅት ሲውልበት ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ አይገባም። በብዙ ግቢዎች ያልተበላው ምግብ ገንዘቡ አይመለስም። ግዴታ አድርጎ የሚሸጥ ተቋም የገዢውን ጾም መጠየቅ ያቅተዋል?

ክፍሉን የሚመርጠውስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ የኮሌጅ ቅበላ ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አንድ መልካም ክልከላ ነበረው፤ ኮሌጆች በኧርሊ ዲሲዥን፣ ማለትም «ከተቀበላችሁኝ የግድ እመጣለሁ» ብሎ ፈርሞ ለሚያመለክት ተማሪ ብቻ የተለየ መኖሪያ ወይም የተለየ ስኮላርሺፕ እንዳያቀርቡ ይከለክል ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ደንቡ ውድድርን ይገድባል ብሎ መረመረው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አባላቱ ክልከላውን በድምፅ ሻሩት። የተጠቀመው ማን ነው? ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን ሳያነጻጽር፣ በኅዳር ወር ላይ «የግድ እመጣለሁ» ብሎ መፈረም የሚችለው ገንዘብ የማያሳስበው ቤተሰብ ነው። የእኛ ልጆች እስከ መወሰኛው ቀን፣ እስከ ሜይ 1፣ ይጠብቃሉ፤ መጠበቅም አለባቸው። እነሱ ሲጠብቁ ጥሩው ክፍል ለሌላ ከተሰጠ፣ ይህ የማን ውድድር ነው?

መጠበቅን ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. የ2024ቱን ዓመት መርሳት አይገባም። በተለመደው ጊዜ ኦክቶበር 1 የሚከፈተው የፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ) ቅጽ የተከፈተው ዲሴምበር 30 ቀን 2023 ነበር፤ ኮሌጆችም የተማሪዎቹን መረጃ ማግኘት የጀመሩት በ2024 ማርች ወር ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ደግሞ ቅጹን ኦንላይን መሙላት አቅቷቸው ለወራት ተጉላሉ። ልጆቹ ዜጎች ናቸው፤ ወላጁ ቁጥር ስለሌለው ልጁ ተቀጣ። ብዙ ኮሌጆች ቀነ ገደባቸውን አራዘሙ፤ ያላራዘሙም ነበሩ። ጥፋቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ዕዳው ለምን በልጁ ላይ ወደቀ?

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሩም ሜት መምረጣቸውን አስቀርቶ በዕጣ መመደብ ጀመረ፤ ልጆቹ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተፈላለጉ ከሚመስላቸው ጋር ብቻ መኖራቸው አሳስቦት ነው። ጥሩ አደረገ እላለሁ። ግን በሌሎች ብዙ ግቢዎች የክፍል ዋጋ በደረጃ ይለያያል፤ አሮጌ ሕንፃ በርካሽ፣ ሽንት ቤት ያለው አዲስ ክፍል በውድ። ዋጋው ራሱ ልጆቹን በአባቶቻቸው ገቢ ከለየ በኋላ ዕጣው ምን ይቀላቅላል? ርካሽ ካልሆነው መሃልም የሚያሳፍር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦክቶበር በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዶርሞቻቸው ስላለው ሻጋታና ብልሽት እየተቃወሙ ከአንድ ወር በላይ በድንኳን አደሩ። ቦታው የእኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ስትሪት አካባቢ በእግር የሚደረስ ነው። ለአልጋ ከፍሎ በድንኳን እስከ ማደር የደረሰ ልጅ ቅሬታውን ለማሰማት ሌላ ምን ማድረግ ነበረበት?

እኛስ? ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችን፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን ሰኔ ላይ ተመራቂ ልጆችን ሰብስበው ይመርቃሉ፤ አቅም ያላቸው አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ ዶላር ይሸልማሉ። ያ ገንዘብ የት እንደሚገባ ተጠይቆ ያውቃል? አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው ከውጭ ስኮላርሺፕ ሲያመጣ ከራሳቸው ዕርዳታ ያንኑ ያህል ይቀንሳሉ፤ ሽልማቱ ለልጁ ተሰጥቶ ለኮሌጁ ይደርሳል ማለት ነው። ሜሪላንድ ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕግ ስትገድብ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ሕጉ የግል ኮሌጆችን አይነካም፤ በቨርጂኒያ ወይም በሌላ ስቴት የሚማረውንም አያድንም። በመካከላችን ያሉት ሒሳብ አዋቂዎችና ታክስ ሠሪዎች ብዙ ናቸው። ከሰኔው ምርቃት በፊት፣ መጋቢት ላይ አንድ ምሽት ወላጆች ደብዳቤያቸውን ይዘው መጥተው አብረው ቢያነብቡ ምን ይከለክላል? ጉራ እንዳይመስል፣ ችግራችን እንዳይታወቅ ብሎ ደብዳቤን መደበቅ የጠቀመው ማንን ነው?

እዚያ ምሽት ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ሁለተኛው ዓመት መሆን አለበት። ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት ነው ይላል፤ የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ግን 20 ሺሁ እዚያው ይቆማል? ጂፒኤዋ በአንድ ከባድ የኬሚስትሪ ሴሚስተር ከተቀመጠው መስፈርት በታች ከወረደ በሙሉ ይወሰዳል ወይስ የማሻሻያ ጊዜ አላት? ዶርሙም ለአራት ዓመት ዋስትና አለው ወይ? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዋስትናው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከግቢ ወጥታ፣ የአሥራ ሁለት ወር የኪራይ ውል ፈርማ፣ ወላጆቿን ዋስ አድርጋ አፓርታማ መፈለግ አለባት። ይህን ሁሉ ኮሌጁ ያውቃል፤ ገንዘቡንም ተምኖ በመረጃ ቋቱ ይዞታል። የመግቢያ ደብዳቤው በተላከበት ዕለት አብሮ ለመላክ የጎደለው ምንድን ነው?