«ተከላካይ ጠፋ» የሚሉት ነጌሌን አይተው ነው?

ዝውውር በተከፈተ ቁጥር የክለቦች ለቅሶ አንድ ነው፤ «ቁመት ያለው ተከላካይ፣ የሚታመን ግብ ጠባቂ ከየት ይምጣ?» ቅዱስ ጊዮርጊስ ኦዶንካራን ከኡጋንዳ፣ ማታሲን ከኬንያ አመጣ። ፋሲል ከነማ ሳማኬን ከማሊ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን አግዳሚ ወንበር ላይ የከረመ የአገር ልጅ መቼ ይበስላል? በ2014ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን 4 ለ 1 ስታሸንፍ ሁሉም አይቷል።

ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በጥቂት ከተሞች ተሰብስቦ ይካሄዳል። መልማዩም እዚያው ሀዋሳና አዳማ ይቀመጣል። ክብረ መንግሥትን አልፎ ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ የሚወርደው የትኛው ነው?

ቆላው እኮ የረጃጅም ልጆች አገር ነው! ሙከራ ቢደረግ እንኳ አሥር ደቂቃ ኳስ አንከባሎ ያብዶ ያሳየ አጭር አጥቂ ይመረጣል። የተከላካይ ሥራ ግን በአሥር ደቂቃ አይታይም፤ ሙሉ ጨዋታ፣ ያውም ሁለት ሦስቴ ተቀምጦ ማየት ይጠይቃል።

በቦረና ቱላ ኤላዎች ወንዶች ከጥልቁ እስከ ገንዳው ተደርድረው ውሃ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ቦታውን ቢለቅ ከብቱ አይጠጣም። ቦታ ጠብቆ መቆምን ለእነዚህ ልጆች ማን ያስተምራቸዋል? የነጌሌ አውቶቡስ ትኬት ነው ወይስ የውጭ ግብ ጠባቂ ደመወዝ የሚከብደው?