ቢጫችን ለምን ቡኒ ሆነ?

ዕለቱ 16፣ ኪዳነ ምሕረት ነበር። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ስንወርድ ዓይናችን ላይ የቀረው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው፤ አጥሩም፣ በሩም፣ የነጠላው ጥለትም። ከተራራው ሥር ከሚኖር ጓደኛችን ቤት ጎራ አልን። አቦሉ እስኪፈላ አሮጌ ላፕቶፑን ከፈተና "ኑ፣ ጉድ ላሳያችሁ" አለን።

ጥቁር ስክሪን ነው፤ መስኮትና ማውዝ የሌለው የሊኑክስ ኮንሶል። 42፣ 43፣ 41 የሚባሉትን የጀርባ ቀለም ኮዶች በተርታ ሰጠው። አረንጓዴው ወጣ። ቀዩም ወጣ። መሐል ላይ ግን ቢጫ የለም። ቡኒ!

መጀመሪያ ሳቅን፣ ቀጥሎ ተናደድን። ነገሩን ስናጣራ ግን ማንም አልተንኮለብንም። 43 በስምምነት ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ሲጂኤ የተባለውን የቀለም ካርድ አወጣ፤ ካርዱን ተከትሎ የመጣው ሞኒተሩ ደግሞ የደብዛዛውን ቢጫ አረንጓዴ በግማሽ ቀንሶ ቡኒ አደረገው። ሌሎቹም ያንኑ ተከተሉ። ዛሬም የሊኑክስ ኮንሶል፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ለቢጫ ቀይ 170፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 0 ይሰጣል። ይሄ ቡኒ ነው።

ፊደላችን ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን ላይ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ፊደላችን ብቻውን ከ300 ይበልጣል። ወደ 512 ማሳደግ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ለጽሑፉ ድምቀት የተቀመጠችው ቢት ናት። የጽሑፉ ቀለም ከ16 ወደ 8 ይወርዳል፤ ከሚጠፉት አንዱ እውነተኛው ቢጫ ነው። ጎሃ የሚባለው የኮንሶል ፎንት በዴቢያን ውስጥ አለ፤ አማርኛ ማንበብ ይቻላል። ግን ፊደልህን ልጫን ስትል ቢጫህን ትከፍላለህ።

"እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር!" የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ትንሽ አይመስለንም። ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ልጅ ብዙ ሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚሁ ጥቁር ስክሪን ላይ ነው። ቀለሙ የተሳሳተ፣ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሲያገኘው "ይሄ ዕቃ ለኔ አልተሠራም" ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሌሎች ለራሳቸው ያስተካከሉትን እኛ እንዳለ ተቀብለን ስለተቀመጥን ነው።

ስለዚህ ፕሮግራም ለምትጽፉ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የጽሑፉን ቀለም ከወሰናችሁ የጀርባውንም ወስኑ፤ አለዚያ ሁለቱንም ተዉት። ጥቁር ላይ ያማረ ቢጫ ጽሑፍ ስክሪኑን ነጭ ላደረገ ሰው አይታይም። ሁለተኛ፣ ተርም የተባለውን መለያ ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ በግድ አትሙሉ። ፕሮግራሙ ስንት ቀለም እንዳለው የሚያውቀው በሱ ነው፤ የውሸት ስም ከሰጣችሁት የውሸት ቀለም ይመልስላችኋል። ሦስተኛ፣ ሥራችሁን በእንግሊዝኛ ብቻ አትሞክሩ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደላችን የሚሰጠው አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ እንደ ጨ እና ሟ ያሉት ሰፋፊዎች ይቆረጣሉ ወይም ከጎረቤታቸው የጀርባ ቀለም ላይ ይፈሳሉ። ይሄን ቀድሞ የሚያየው አማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው። እኛ ካልተናገርን ማን ይናገርልን?

ጓደኛችንስ? የቀለሙን ሠንጠረዥ ከፍቶ ሦስተኛ ቁጥር ላይ የራሱን ቢጫ ጻፈበት። አንድ መስመር ናት። ቶናው ሲቀዳ ሦስቱም ቀለማት በየቦታቸው ነበሩ።

እኛም ያንን መስመር ገልብጠን ወደ ቤታችን ይዘን ሄድን።