«ባክአፕ አለን» ማለት «መመለስ እንችላለን» ማለት አይደለም

የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ «ባክአፕ አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ፈጣን ነው፦ «አለን»። «ለመጨረሻ ጊዜ ከባክአፑ መልሳችሁ ያያችሁት መቼ ነው?» ሲባል ግን ዝምታ ይከተላል። የመሬት ማኅደር፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ መዝገብና የታካሚ ካርድ ወደ ኮምፒውተር በገቡ ቁጥር ያ ዝምታ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል።

ወላይታ ሶዶ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ የሚያስመርቃቸውን ተማሪዎች መዝገብ ለዘለቄታው መያዝ አለበት። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 በወላይታና በዳውሮ መካከል ቢገኝም መብራት ግን ይጠፋል። መብራት በሚጠፋበት አገር ሰርቨር ሳይታሰብ ይወድቃል።

ዘመኑ የኮንቴይነር ነው። ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ኩበርኔቲስ ደግሞ እነዚህን ጥቅሎች በብዙ ማሽኖች ላይ ያሰማራል፣ የወደቀውን ያነሳል። ይህ «የወደቀውን ያነሳል» የሚለው ነገር ብዙዎችን ያዘናጋል። ኩበርኔቲስ የሞተን ፕሮግራም ያስነሳል እንጂ የጠፋን መዝገብ አይፈጥርም።

መዘናጋቱ ከትእዛዝ መስመሩ ይጀምራል። «ኩብሲቲኤል ጌት ኦል» ብሎ ውጤቱን በያምል ፋይል ያስቀመጠ ሰው ሁሉንም የያዘ ይመስለዋል። «ኦል» የሚለው ቃል ግን ሁሉም ማለት አይደለም፤ ኮንፊግማፕ፣ ሲክሬትና የዲስክ ጥያቄዎች በውስጡ የሉም። ሌላው «ኢቲሲዲሲቲኤል ስናፕሾት ሴቭ» ብሎ የክላስተሩን ማኅደር ይገለብጣል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የተገለበጠው የቤቱ ፕላን እንጂ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ አይደለም። ዳታቤዙ ያለው ዲስክ ላይ ነው።

ቬሌሮ የተባለው ነፃ መሣሪያ ሁለቱንም ያግዛል፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሪሶርሶቹን፣ በትክክል ከተዋቀረም ዲስኩን ጭምር ይይዛል። እሱም ወጥመድ አለው። ሲመልስ በክላስተሩ ላይ በዚያው ስም ያለ ነገር ካገኘ፣ ካልታዘዘ በስተቀር ሳይነካው ያልፋል። የተበላሸውን ሳያነሳ በላዩ ላይ የሚመልስ ሰው «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ያነባል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው አለ። ይህን በአደጋው ቀን ከመማር አስቀድሞ ሞክሮ መማር ይሻላል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ አንድ ባለሙያው በስህተት ዳታቤዝ አጠፋበት። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በጭንቁ ሰዓት አንዳቸውም እንደታሰበው አልሠሩም። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ሌላ ሥራ ላይ የተወሰደ ቅጂ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ውስጥ የመንግሥት የዳታ ማዕከል ተቃጠለ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ጠፋ። ቅጂ በሌላ ቦታ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ የታወቀች አገር ከሆነች ኮሪያ ይህ ከደረሰ፣ ሶዶ ላይ «ሰርቨር ክፍሉ ተቆልፏል» ማለት መልስ ሊሆን አይችልም።

«በጀት የለም» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። መሣሪያዎቹ ነፃ ናቸው። ለሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ትርፍ ማሽን፣ ባዶ ኔምስፔስና ግማሽ ቀን ነው። «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ለሚለውም ክልሉ ራሱ መልስ አለው። መሥሪያ ቤቶቹ በሶዶ ብቻ ሳይሆኑ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች ጭምር ተከፋፍለዋል። የሶዶ ቅጂ አርባ ምንጭ ቢቀመጥ፣ የአርባ ምንጩ ዲላ ቢቀመጥ፣ መስመር ባይኖር እንኳ ዲስክ በመኪና ይሄዳል። ቅጂው ግን መመስጠር አለበት። በኩበርኔቲስ ሲክሬት ውስጥ ያለ የይለፍ ቃል ካልተመሰጠረ ማንም ሊፈታው ይችላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዳታ የያዘውን አካል ተጠያቂ ያደርጋል።

የወላይታ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ተረስቶ አይከርምም፤ እማወራዋ ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ ቅጠሉን ትቀይራለች። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ክፉው ቀን ከመምጣቱ በፊት ይፈተሻል።

ስለዚህ ኃላፊዎች የሚጠይቁት ሪፖርት ይቀየር። «ባክአፕ ተወስዷል» የሚለው ይብቃ። በየሦስት ወሩ በባዶ ማሽን ላይ ይመለስ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ምን እንደጎደለ፣ ማን እንዳየው ይጻፍ። ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ለማንም አይጠቅምም።