ክትባቱ ከትምህርት ቤት አጥር ይውጣ

የማኅፀን በር ነቀርሳ፣ ከጡት ነቀርሳ ጋር፣ የአገራችንን ሴቶች ከሚገድሉት የካንሰር ዓይነቶች በግንባር ቀደምትነት የሚቆጠር ነው። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ያላስተዋልነው ግን ይህ ነቀርሳ አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል መሆኑን ነው። በሽታው ፓፒሎማ ከሚባል ቫይረስ እንደሚመጣ ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። መንሥኤው ከታወቀ በኋላ ክትባት ተሠራለት፤ ኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መስጠት ጀመረች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ መርፌ ለመከተብ ዘመቻ ተደረገ።

ነገሩ እስከዚህ መልካም ነው። እኛን የሚያሳስበን «በየትምህርት ቤቱ» የሚለው ቃል ነው። በመካነ ብርሃን ዙሪያ ያለች የ14 ዓመት ልጅ በእርግጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ናትን? በጃናሞራና በበየዳ ከመንደር እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ስንት ገደልና ስንት ወንዝ እንደሚያሻግር ከዚያ የመጣን እናውቀዋለን። በዚያ ዕድሜ ከብት የምትጠብቅ አለች፤ የተዳረች አለች፤ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጎንደር የወረደች አለች። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ደባርቅና ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መርፌውም አብሮ ይቀራል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ በመሆኑ ክትባቱ ከጋብቻ ሊቀድም ይገባዋል፤ ትምህርቷን ትታ ለጋብቻ የታጨችውን ልጅ ግን መዝገቡ አያውቃትም።

«ታምማ ትታከማለች» የሚል አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደባርቅ እስከዚያ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሴቲቱም ደም ሲፈስሳት በኀፍረት ትደብቃለች። ስሙም ያሳስታል፤ ባላገሩ ነቀርሳ ሲባል የሳንባውን ያስባል፣ የሚያስልም ሰው ይፈልጋል።

ይህ በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ እስኪሆን ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሠለጠነች ነርስ የማኅፀኑን በር እንደ አቼቶ ባለ ቀጭን አሲድ ቀብታ ብታየው የተበላሸው ቦታ ይነጣል፤ ዕለቱንም በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ሊወገድ ይችላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት እናቶቻችንና ታላላቅ እኅቶቻችን የሚመከረው ይህ ምርመራ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ደግሞ በሽታው ስለሚፈጥን ምርመራው ቀደም ብሎ ይጀመራል።

በሽተኛን ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ የዚህ አገር ልማድ አልነበረም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከ1964 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሆኗል። የእኛ ዘመን ተማሪ ከእነዚያ በምን ያንሳል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ኅብረታችን ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከዳባትና ከአዲ አርቃይ ለመጡት ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት አንድ አንድ ደብተር ይስጥ፤ መንገድ ሰላም የሆነለት ሁሉ በመንደሩ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትን ከ9 እስከ 14 ዓመት ልጃገረዶች መዝግቦ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻ ያስረክብ። ይህ የሐኪም ዕውቀት አይጠይቅም። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለውን የሐሰት ወሬ የሚመልስ ጽሑፍም ያስፈልገናል። እባካችሁ መምህራን ሆይ፣ ባላገር ሊያደምጠው በሚችል አማርኛ አንድ ገጽ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።