ቆጠራው ይጀመር

ይድረስ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የልጆችን ንግግርና ቋንቋ ለምትመዝኑ፣

ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ንግግሩ ሲዘገይ አሳዳጊዎቹ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚሰሙት መልስ «እንግሊዝኛው አዲስ ሆኖበት ነው፤ ትንሽ እንጠብቅ» የሚል ነው። ይህን አሠራር ተዉት ብዬ እለምናችኋለሁ።

የፌዴራሉ ሕግ አንድን ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ጉዳተኛ ብላችሁ እንዳትፈርጁት ይከለክላል፤ ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ማታ ከእናቱ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚያወጋ የስደተኛ ልጅ ጋር ይህን ልጅ አታመሳስሉት። በአዲሱ ቤቱ የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የቀድሞ ቋንቋው በወራት ውስጥ ይጠፋዋል፤ አዲሱም ገና አልያዘለትም። በአገሩ ቋንቋም ይቸገር እንደነበር ማወቅ የሚቻለው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ እናንተ የምትጠብቁት ግን ልክ በዚያን ጊዜ ነው። በሜሪላንድ ታውሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሻሮን ግሌነን በጨቅላነታቸው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ልጆችን ተከታትለው ነበር፤ አብዛኞቹ እንግሊዝኛውን በፍጥነት ይዘዋል። እንደ እሱ በጉዲፈቻ ከመጡት እኩዮቹም ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ካለ የቋንቋው አዲስነት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እኔ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከኢትዮጵያ ለመጡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ልጁ አማርኛውን ከረሳ በኋላ ነበር። ከዚህም የባሰ አለ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን እስካገደች ድረስ ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ የደቡብ ልጆች ነበሩ፤ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ የሚናገሩ። የልጁ ቋንቋ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ግን «አማርኛ» ተብሎ ይሞላ ነበር። በማያውቀው ቋንቋ ተጠይቆ ዝም ያለ ልጅ መናገር እንደማይችል ሲመዘገብ አይቻለሁ። አንዱን ያለ አግባብ ማስጠበቅም ሆነ ሌላውን ያለ አግባብ መፈረጅ የሚመጣው የልጁን ታሪክ ካለመጠየቅ ነው።

ያው የፌዴራል ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ለምዘናው የ45 ቀን ገደብ አስቀምጧል። ለተማሪ ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ሌላ ካልወሰነ በስተቀር 60 ቀን ነው፤ ይህ የሚቆጠረው ግን ወላጅ ለምዘናው ከፈረመበት ዕለት ጀምሮ ነው። «እንጠብቅ» ተብሎ የተሸኘ ወላጅ የሚፈርመው ቅጽ የለውም፤ ቆጠራውም አይጀምርም።

የምዘናውን ፈቃድ ቅጽ ለአሳዳጊዎቹ በመጡበት ቀን ስጧቸው። የልጁ ጆሮ ይመርመር። በየትኛው መንደር እንደተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ በምን ቋንቋ እንዳወሩት ጠይቁ፤ አስተርጓሚም የምትጠሩ ከሆነ ልጁ ቋንቋው ሳይጠፋው ጥሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ አስተርጓሚ