ለአራሷ የምናስበውን ለነፍሰ ጡሯም እናስብ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ ወለቃ ትገኛለች። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቃት በሸክላዋ ነው። ቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። እነዚያ ጎረቤቶቻችን ይጠብቋቸው ከነበሩት ሥርዓቶች አንዱ የአራስ ሥርዓት ነው። ሴቲቱ የምትወልደው ከመንደሩ ዳር በተሠራች ትንሽ ጎጆ ነበር። ወንድ ከወለደች 7 ቀን፣ ሴት ከወለደች 14 ቀን በዚያች ጎጆ ከቆየች በኋላ ወደ አራስ ጎጆ ትዛወርና 40ው ወይም 80ው ቀን እስኪሞላ ድረስ ትቀመጣለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግቧን የሚያቀርቡላት ሌሎች ናቸው።

ቁጥሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለሁላችንም አንድ ነው፤ ወንድ ልጃችንን በ40፣ ሴት ልጃችንን በ80 ቀን ወደ ጥምቀት የምናመጣው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስለዚያች ጎጆ ብዙ ሰው ብዙ ተናግሯል። ወላድን ከቤተ ሰብ መለየት ለብርድና ለብቸኝነት እንደሚዳርግ፣ በሌሊት ደም ቢፈስሳትም ቶሎ የሚያይላት ሰው እንደማይኖር የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ እውነት እንናገር ከተባለ፣ በዚያች ጎጆ ውስጥ «ውኃ ቅጂ፣ ጭቃ አቡኪ፣ እንጨት ልቀሚ» የሚላት አልነበረም። በእኛም ቤት ቢሆን አራስ የተከበረች ናት። ገንፎው በቅቤ ይገነፋል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ በሩ ይጋረዳል፣ ከባድ ሥራ ይቀርላታል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ክብር የሚጀምርበት ቀን ነው። ትናንት ድርስ ሳለች እንስራ አዝላ ዳገት የወጣችው ሴት ዛሬ ወልዳ ስትተኛ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ያስታምማታል። ዘጠኙን ወር ግን ማን አሰበላት? በቤታችን ለአራስ የሚታረደው በግ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ነፍሰ ጡሯ ምን እንደ በላች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔ ራሴ በደለኛ ነኝና። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን በፀነሰች ጊዜ፣ በስምንተኛው ወር ፊቷና የእጆቿ ጣቶች አበጡ፤ ቀለበቷ አልወልቅ አለ። ራሷንም ያማት ጀመር። እኔም የቄስ ትምህርት ቤቱንም ዘመናዊውንም የቀመስሁ ሰው ስሆን «እርጉዝ ያብጣል፤ ጠበል ተጠመቂ፤ ይለቅሻል» ብዬ ወደ ማስተማሬ ሄድሁ። ጠበሉን ማለቴ መልካም ነበር፤ በዚያ ብቻ አብቅቼ መሄዴ ነው ስሕተቱ። በሦስተኛው ቀን «ዓይኔ ብዥ አለብኝ» ስትል እናቷ እጇን ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሷት። አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷን እንደ ለካች ወዲያው መኪና አስጠራች። በሆስፒታል ማግኒዝየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት በመርፌ ሰጧት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርሷም ልጁም ተረፉ።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ ይህ ሕመም ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት ወዲህ የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ቶሎ ካልታከመ ሴቲቱን ያንቀጠቅጣታል፣ አረፋ ያስደፍቃታል፣ ራሷንም ያስታታል። በየመንደራችን «ጋኔን ጣላት፣ ዛር ያዛት» ከተባሉት ድርሶች መካከል ይህ ሕመም ይዟቸው የነበሩት ስንት እንደሚሆኑ ባሰብሁ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ራሱ ባለ መድኃኒት ነበረ። ስለዚህ ጠበልና ሐኪም ቤት እንደ ጠላት የሚተያዩ አይደሉም።

ሌላው እንቅፋት መደበቅ ነው። ብዙዎቹ ሴቶቻችን ቡዳ እንዳይበላቸው፣ ሰው እንዳያያቸው እየፈሩ ሆዳቸው እስኪገፋ ድረስ ፅንሱን ይሸሽጉታል። ለሰው አለመንገር የራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ለአዋላጅ ነርስ ግን መንገር ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን አዝዟል። በነዚህ ጊዜያት የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትወጋለች፣ ለደም ማነስ የሚሆነው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣታል። እንክብሉን በየቀኑ መዋጥ እንጂ በሣጥን ማስቀመጥ አይጠቅምም። ከሻይና ከቡና ጋር ሲወሰድ ብረቱ ወደ ሰውነት በሚገባ ስለማይገባ፣ ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል። ይህን ስናገር በጎንደር ሴቶች ዘንድ እንደማልወደድ አውቃለሁ።

ስለ ምግብ ከተነሣ ዘንድ፣ በየቤቱ የሚነገሩ ሁለት የቆዩ ሐሳቦችን ማንሣት ግድ ይለኛል። አንደኛው «ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናባታል» የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ሆን ብለው ምግብ የሚቀንሱ አሉ። ውጤቱ ግን የልጁ መክሳትና የእናቲቱ ጉልበት ማጣት ነው፤ ምጥ ደግሞ እንደ መከር ሥራ ያለ ጉልበት ነው። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ማዕድ መጨመር ይገባታል። ሁለተኛው «ወተትና ተልባ በልጁ ላይ ይለጠፋል» የሚለው ነው። ልጁ ሲወለድ በገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን ከወተት የመጣ አይደለም፤ ቆዳውን በማኅፀን ሳለ እንዲጠብቅለት ፈጣሪው ያለበሰው ነው። እንዲያውም በጥድፊያ ማጠብ አያስፈልግም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ አይብ፣ የጤፍ እንጀራ፣ አዮዲን ያለበት ጨው፤ ከነዚህ ያገኘችውን ትብላ። ጠላና አረቄን ግን ትተው። የሶምሶን እናት የማኑሄ ሚስት በፀነሰችበት ጊዜ ወይንና የሚያሰክር መጠጥ እንዳትጠጣ በመልአክ መታዘዟን መጽሐፈ መሳፍንት ይነግረናል፤ የዛሬው ሕክምናም ከዚያ የተለየ ቃል የለውም።

ጾምን በሚመለከት ከአንባብያን ጥያቄ ሲመጣ እኔ ልመልስ አልደፍርም፤ ይህ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። ነገር ግን የንስሐ አባት ሊያቀልል የሚችለው ሲነገረው ነው። እህቶቼ፣ ለአባታችሁ ፅንሳችሁን ደብቃችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳትቀምሱ ቆማችሁ አታስቀድሱ። «አባቴ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ደም ማነስም አለብሽ ተብያለሁ» ብላችሁ ንገሯቸው፤ የሚሉትንም ፈጽሙ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ምጡ እንምጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ግራንትሊ ዲክ ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በተፈጥሮ ስለ መውለድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የሐሳቡ ፍሬ፣ ፍርሃት የሴቲቱን ሰውነት እንደሚያጠነክር፣ የጠነከረ ሰውነትም ሕመሙን እንደሚያበዛ፣ ስለዚህም አስቀድሞ ማስተማርና ማረጋጋት ይገባል የሚል ነው። በጊዜው የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ። የእኛ ባልቴቶች ግን ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ ምጥ የያዛትን ሴት ከበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ብቻዋን እንዳትሆን ሲያደርጓት ኖረዋል። በጀርባዋ ከማስተኛት ይልቅ አንበርክከው፣ ከኋላዋ ደግፈው ሲያዋልዱም ኖረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው መመሪያ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ በምጡ ጊዜም እንድትንቀሳቀስና ቀና እንድትል ይመክራል። ይህንን ለአንዲት አሮጊት ብነግራቸው «አሁን ገና ደረሱበት?» አሉኝ።

ነገር ግን ባልቴቶቻችን የሚሠሩት ሁሉ መልካም ነው አልልም። ምጡ ሲዘገይ ሆድን በኃይል ማሸትና መጫን ማኅፀንን ሊቀድ ይችላል። ሕፃኑን እንደ ተወለደ ቅቤ ማቅመስ፣ እንገሩን አልቦ መድፋትም ጉዳት ነው። እንገሩ ለሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያው ነው፤ ቶሎ መጥባቱም የእናቲቱ ማኅፀን እንዲኰማተርና ደሙ እንዲቀንስ ይረዳል። በተፈጥሮ መውለድ ማለት ያለ ረዳት መውለድ ማለት አይደለም። ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ፣ ሴትን ከሁሉ ፈጥኖ የሚገድላት ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰው ደም መሆኑ ነው። ለዚህ ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ልጁ እንደ ወጣ ወዲያው ይሰጣል፤ መርፌው ያለው ግን በጤና ጣቢያ እንጂ በጓዳችን አይደለም። ምጡ ተጣብቆ ቀናት ካለፉም ሕፃኑ ይሞታል፣ እናቲቱም ፊስቱላ ይዟት ሽንቷን መቆጣጠር ትሳናለች። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል እስከ ዛሬ የሚያክማቸው ሴቶች እነዚህ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ገንዘብ ያላቸው የከተማ ሰዎች ያለ ምክንያት በቀዶ ጥገና መውለድን እንደ ክብር መቍጠር ጀምረዋል፤ ቢላዋ ሲያስፈልግ ነፍስ ያድናል፣ ሳያስፈልግ ግን ቍስል ብቻ ያተርፋል።

ራሔል በመንገድ ሳለች ምጥ ጸንቶባት ወደ ኤፍራታ ሳትደርስ ሞታለች። በምጥ የሞተች ሴት እምነት የጎደላት ናት የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። አንዳንዷን የሚገድላት መንገዱ ነውና፣ መንገዱን አስቀድሞ ማሰብ የባልና የቤተ ሰብ ሥራ ነው። ሐኪሞች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፤ ይኸውም ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱም በኋላ መታከም ነው። የመጀመሪያው ፈጽሞ በእጃችን ነው። ደም ከታየ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ሽርት ውኃው ያለ ጊዜው ከፈሰሰ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪመክር አይጠበቅም።

ጎንደር በዚህ ነገር የኋላ ኋላ የመጣች አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና የማኅበረ ሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። በመላ አገሪቱ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 ሕያዋን ወሊዶች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። በጤና ተቋም የወለዱትም በመጀመሪያው ጥናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። ቢሆንም በዚያን ጊዜ እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት በቤት ወልደዋል ማለት ነው።

በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የምትጠጡ ማኅበርተኞች፣ ከመዋጮው ጥቂት ለይታችሁ ለማኅበርተኛ ነፍሰ ጡር መጓጓዣ ብታስቀምጡ ከዝክሩ የሚጎድል ነገር የለም። በስምንተኛው ወር የመኪናው ስልክ ቁጥር በግድግዳ ይጻፍ፤ ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ይታወቁ፤ ታላላቆቹን ልጆች የሚጠብቅ ዘመድ ይነገረው፤ ንጹሕ ጨርቅና ነጠላ ታጥቦ ይቀመጥ። ቤታችሁ ከመኪና መንገድ የራቀ ከሆነ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ድርሷ ምጡ ሳይመጣ አስቀድማ ገብታ ትቀመጥበታለች። በአንዳንዶቹም ገንፎው ሳይቀር እዚያው ይገነፋል። እኔ ይህን ቤት ባየሁ ጊዜ ያቺን የወለቃ ጎጆ አስታወስሁ፤ ልዩነቱ ይኸኛዋ ሴቲቱን የምትቀበላት ከምጡ በፊት መሆኑ፣ በሯም ለአዋላጅ ክፍት መሆኑ ነው። እመቤታችንም ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ከኤልሳቤጥ ጋር ሦስት ወር ያህል የተቀመጠችው ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ሳለች ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለባለቤቴ ባነብላት ዝም ብላ ሰማችና «እንስራውን ማን እንደሚሸከም አልተጻፈም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እነሆ ጻፍሁት፤ ከሰባተኛው ወር ወዲህ ውኃ የሚቀዳው ባልየው ነው፤ በአህያ ያምጣው በጀሪካን የእርሱ ጉዳይ ነው።